ፐርሲየስ የማን አማች ነው?

ስለ ጥንት ግሪክ አፈ ታሪክ ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር። ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ሰው ዙሪያ ሆኑ፤ ሜዱሳን በገደለው፣ አንድሮሜዳን ባገባው ፐርሲየስ። ብዙም አልገረመንም፤ ከሚስቱ ጋር የአገራችን ስም አብሮ የሚነሣ የግሪክ ጀግና እርሱ ነውና። የአማልክቱን ስም በተለመደው አጠራር ጽፈናል። ዜውስ ማለት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ የልስጥራ ሰዎች በርናባስን ‹ድያ› ያሉበት ስም ነው፤ ሄርሜስም ጳውሎስን የጠሩበት።

ጥያቄ፦ አንድሮሜዳ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ነበረች የሚል ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ አየሁ። ከሥሩ ደግሞ ሌላው «ፈጠራ ነው» ብሎ ይሳደባል። የቱን ልመን? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይዘዋል። ግሪኮቹ አንድሮሜዳን የ‹አይቲዮፒያ› ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ማለታቸው አያከራክርም። ካሲዮፔያ «ኔሬይድ ከሚባሉት የባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ» ብላ በቁንጅናዋ ተመጻደቀች፤ በሌላ ትረካ ያወደሰችው የልጇን ውበት ነው። የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ተቆጥቶ ጎርፍና የባሕር አውሬ ላከባቸው። የግብፁ አምላክ የአሞን ንግርት መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው አለ፤ ልጅቱ ለአውሬው ትሰጥ። በባሕር ዳር ቋጥኝ ላይ ታስራ ሳለ ፐርሲየስ ከሜዱሳ ግድያ ሲመለስ አያት፤ ከአባቷ «አውሬውን ከገደልክ እድርልሃለሁ» የሚል ቃል ተቀብሎ ገደለው። እናም በግሪኮቹ አፍ የኢትዮጵያ አማች ነው።

ጭቅጭቁ ያች ‹አይቲዮፒያ› የት ነበረች የሚለው ላይ ነው። ቃሉ ‹የተቃጠለ› እና ‹ፊት› ከሚሉ ሁለት የግሪክኛ ቃላት የተሠራ ነው። ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ከሰው ሁሉ የራቁ ይላቸዋል፤ ለሁለት ተከፍለው ገሚሶቹ ፀሐይ በምትጠልቅበት፣ ገሚሶቹ በምትወጣበት ይኖራሉ። ይህ የዓለም ዳርቻ ማለት እንጂ ካርታ አይደለም። በ5ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. የጻፈው ሄሮዶቱስ ስሙን መሬት አስይዞታል፤ የእርሱ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ሲሆን ዋና ከተማው ሜሮኤ ነው፤ ዛሬ ሱዳን ውስጥ፣ ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ። ግን ይኸው ሄሮዶቱስ ኬፌዎስን ሜሮኤ አያነግሠውም። ግሪኮች ፋርሶችን በጥንት ጊዜ ‹ኬፌኔስ› ይሏቸው ነበር ብሎ የኬፌዎስን ነገር ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል፤ የፐርሲየስና የአንድሮሜዳ ልጅ ፐርሴስም በአያቱ ዘንድ ቀርቶ ለፋርሶች ስማቸውን አወረሰ ይላል። ሜሮኤ ላይ ሌላም ችግር አለ፤ ከቀይ ባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀች የዓባይ ዳር ከተማ ናት። ታሪኩ ደግሞ ያለ ባሕር አይሠራም።

ስሙ ወደ እኛ የመጣው ዘግይቶ ነው። የብሉይ ኪዳን የግሪክ ተርጓሚዎች የዕብራይስጡን ‹ኩሽ› ‹አይቲዮፒያ› አሉት፤ የግእዙ መጽሐፍ ከግሪኩ ሲተረጎም ስሙን ይዞት ገባ። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ ዒዛና ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ በግሪክኛው ‹ኢትዮጵያውያን› ያለበት ቦታ በአገሩ አጻጻፍ ‹ሐበሻት› ይላል። የአንድሮሜዳ ታሪክ ግን በዚያን ጊዜ ቢያንስ የዘጠኝ መቶ ዓመት ዕድሜ ነበረው። ክብረ ነገሥትም ኬፌዎስ የሚባል ንጉሥ አያውቅም። «ግሪኮች ኢትዮጵያዊት ያሏት ልዕልት» ብለው ቢጽፉ ማንም አይሞግትዎትም፤ «የአክሱም ልዕልት» ካሉ ግን ሰዳቢው ልክ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኢትዮጵያዊት ካሏት በሥዕል ሁሉ ነጭ የምትሆነው ለምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ጥንታውያኑ ራሳቸው አልተስማሙም። በ5ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. አጋማሽ በአቴና በተሠሩ የሸክላ ዕቃዎች ላይ አንድሮሜዳ ልትታሰር ስትል ይታያል። የሚያስሯትና ዕቃ የሚሸከሙላት አገልጋዮች ጥቁር አፍሪካውያን መሆናቸው በፊታቸውና በጸጉራቸው በግልጽ ተለይቷል። እርሷ ግን የፋርስ ዓይነት የምሥራቅ ልብስ ለብሳለች፤ ፊቷ ከሌሎች የግሪክ ሴቶች አይለይም። ከእነዚህ አንዱ ቦስተን ሙዚየም ውስጥ ስለሚገኝ ወደዚያ ካቀኑ በዓይንዎ ሊያዩት ይችላሉ። ሠዓሊው አገሩን በአገልጋዮቹ፣ ልዕልትነቷን በልብሷ ነገረን፤ መልኳን ተመልካቹ በለመደው ተወው።

ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በትልቁ የአፈ ታሪክ ግጥሙ ፐርሲየስ ከሩቅ ሲያያት፣ ጸጉሯን ነፋስ ባያወዛውዘውና ዕንባዋ ባይወርድ ኖሮ የእብነ በረድ ሐውልት ትመስለው ነበር ይላል። በሌሎች ግጥሞቹ ደግሞ ያችው አንድሮሜዳ ጠይም ናት፤ ጠይም ሴት ነጭ ልብስ እንደሚያምርባት ሊመክር ምሳሌ አድርጎ የጠራት እርሷን ነው። የእብነ በረዱን ንጽጽር ብቻ ይዘው ነጭ ናት የሚሉ ሰዎች ኦቪድ በዚያ ቦታ የተናገረው ስለ ቀለም ሳይሆን ስለ አለመንቀሳቀስ መሆኑን ይዘነጋሉ።

ለዚሁ ጥያቄ ልብ ወለድ የጻፈለትም አለ። ሄሊዮዶሮስ የተባለ የግሪክኛ ጸሐፊ በ3ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት በደረሰው ‹አይቲዮፒካ› ውስጥ የሜሮኤ ነገሥታት የፐርሲየስና የአንድሮሜዳ ዘሮች ናቸው። ጥቁሯ ንግሥት ፐርሲና በመኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተሳለችውን ነጭ አንድሮሜዳ እያየች ስለፀነሰች ነጭ ልጅ ወለደች፤ በአመንዝራነት እንዳትከሰስ ፈርታም ሕፃኗን ጣለቻት። ጥቁር ነገሥታት፣ ነጭ ቅድመ አያት፣ ሁለቱን ለማስታረቅ አንድ ሙሉ መጽሐፍ! ከ15ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ያሉት የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ይህን ጭንቀት ትተው የሠፈራቸውን ልጃገረድ ሳሉ።

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሜዱሳ እንዴት እንደተገደለች በክፍላችን ድራማ ልናሳይ ነው። ቅደም ተከተሉንና መሣሪያዎቹን በትክክል ንገሩን። (ከደሴ)

መልስ፦ ከሜዱሳ አትጀምሩ፤ ከግብዣው ጀምሩ። ሴሪፎስ በምትባል ትንሽ ደሴት ንጉሥ ፖሊዴክቴስ የፐርሲየስን እናት ዳናኤን ይመኛል፤ ጎረምሳው ልጇ ግን እንቅፋት ሆነበት። ሌላ ሴት ላገባ ነው ብሎ መዋጮ ጠራና እያንዳንዱ እንግዳ ፈረስ እንዲያመጣ አዘዘ። ፈረስ የሌለው ፐርሲየስ በጉራ «የጎርጎንን ራስ እንኳ ቢሆን አልነፍግህም» ሲል ንጉሡ አፉን ጠብቆ ያዘውና «እሱኑ አምጣ» አለው። ጎርጎን ማለት ያያት ሁሉ ድንጋይ የሚሆንባት ጭራቅ ናት፤ ሜዱሳ ከሦስቱ ጎርጎኖች አንዷ ነች። ይህ ትዕይንት ከቀረ ተመልካቹ ልጁ ለምን ሞት ፍለጋ እንደሄደ አይገባውም።

ሁለተኛው ትዕይንት የግራያይ ነው፤ ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ የሸበቱ፣ አንዲት ዓይንና አንዲት ጥርስ እየተቀባበሉ የሚጠቀሙ ሦስት እኅትማማች። ፐርሲየስን ወደ እነርሱ የመሩት አቴና የተባለችው የጥበብ አምላክና ሄርሜስ ናቸው። ብልሃቱ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው፤ ዓይኗ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ በምታልፍበት ቅጽበት ሦስቱም ዕውር ስለሆኑ ያኔ ይቀማቸዋል። ኒምፍ ወደሚባሉት የተፈጥሮ ልጃገረድ አማልክት የሚወስደውን መንገድ ሲነግሩት ይመልስላቸዋል። የዓይኗ ቅብብል በልምምድ ካልተጠና ትዕይንቱ ተራ ዝርፊያ ይመስልባችኋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በሰላም ስትተላለፍ አሳይታችሁ በአራተኛው አስነጥቁ።

አሁን መሣሪያዎቹ። ከኒምፎቹ ሦስት ነገር ያገኛል፦ ክንፍ ያለው ጫማ፣ ኪቢሲስ የሚባል ከረጢት፣ የለበሰውን የሚሰውር፣ የሙታን አገር አምላክ የሐዴስ ቆብ። ከሄርሜስ አራተኛውን፣ ሃርፔ የሚባለውን፣ አዳማንት ከሚባል የማይሰበር ጠንካራ ነገር የተሠራ ማጭድ ይቀበላል። በሥዕል ሃርፔ አንዳንዴ ቁርጥ ማጭድ፣ አንዳንዴ ጥምዝ ጎራዴ ነው፤ ቤት ውስጥ ያረጀ ሾተል ያለው ዘመድ ካላችሁ ቅርጹን ከዚያ ቅዱና በካርቶን ሥሩ። አምስተኛው የተወለወለ የነሐስ ጋሻ ነው። አንዱም ትርፍ አይደለም። ያለ ጫማው ጎርጎኖቹ ወዳሉበት ወደ ዓለም ዳር ውቅያኖስ አይደርስም፤ ያለ ጋሻው ሲያነጣጥር ዓይን ለዓይን ይገጥማትና ድንጋይ ይሆናል፤ ያለ ከረጢቱ የተቆረጠው ራስ ተሸካሚውንም ሌላውንም ያደርቃል፤ ያለ ቆቡ ደግሞ ከሁለቱ እኅቶቿ አያመልጥም። እነርሱ፣ ስቴኖና ዩሪያሌ፣ የማይሞቱ ናቸው። ከሦስቱ ሟች ሜዱሳ ብቻ ስለሆነች ነው የእርሷ ራስ የተፈለገው።

ግድያው ራሱ አጭር ነው፤ ውጊያ አታስገቡበት። ሦስቱም ተኝተዋል። ፐርሲየስ ፊቱን አዙሮ በጋሻው ላይ የሚታየውን ምስል እያየ ይቀርባል፣ አቴና እጁን ትመራለታለች፣ በአንድ ምት አንገቷን ይቆርጣል። ከአንገቷ ክንፋሙ ፈረስ ፔጋሰስና ክሪሳኦር የሚባል ሰው ይወጣሉ። ራሱን ከረጢት ውስጥ ይከታል፣ እኅቶቿ ይነቃሉ፣ ያሳድዱታል፣ አያዩትም። ጎርጎኖቹን ስታለብሱ እባብ ብቻ አይበቃም፤ የጥንቱ መግለጫ የእሪያ ክራንቻ የመሰለ ጥርስ፣ የነሐስ እጅና የወርቅ ክንፍ ይጨምራል። በጥንታዊ ሥዕል ፊታቸው ሁልጊዜ ወደ ተመልካቹ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ በጎን በሚሳልበት ዘመን ጎርጎን ብቻ ፊት ለፊት ታፈጣለች፤ ይህን በመድረክ ብታደርጉት ያምራል።

ለመምህራችሁ አንድ ነገር ንገሩልን፤ የጋሻው መስተዋት በቀደሙት ሥዕሎች የለም። በ7ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. በተሠራ አንድ ትልቅ የሸክላ ጋን ላይ ፐርሲየስ ዝም ብሎ ፊቱን አዙሮ ነው የሚቆርጣት፤ ሜዱሳም የፈረስ ገላ አላት። በሸክላ ሥዕል ላይ በጋሻው የሚታየው ምስል የሚበዛው ከ4ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. ጀምሮ ነው። ጋሻ ማግኘት ካቃታችሁ ያለ ጋሻ መሥራትም አያሳፍርም።

መዝጊያችሁ ሴሪፎስ ይሁን። እናቱና የሚረዳት ዓሣ አጥማጁ ዲክቲስ ከንጉሡ ሸሽተው መሠዊያ ሥር ተጠልለዋል። ፐርሲየስ አዳራሽ ገብቶ ፊቱን ያዞርና የሜዱሳን ራስ ያወጣል፤ ንጉሡና ባልደረቦቹ እንደተቀመጡ ይደርቃሉ። ደሴቲቱ ድንጋያማ ስለሆነች የጥንት ቀልደኞች «ጎርጎን ነች እንዲህ ያደረገቻት» ይሉ እንደነበር የጥንቱ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን ጽፏል። ዲክቲስ ይነግሣል፣ መሣሪያዎቹ በሄርሜስ በኩል ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፣ ራሱን አቴና ጋሻዋ መሐል ትተክለዋለች።

ጥያቄ፦ ሜዱሳ ቆንጆ ልጅ ነበረች፣ በፖሲዶን ተደፍራ ሳለ አቴና እርሷን ቀጣቻት የሚለው እውነተኛው ታሪክ ነው? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የኦቪድ ታሪክ ነው፤ የተጻፈውም በ1ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በላቲን። ከእርሱ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ የሚቀድመው የግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ ሜዱሳ ከጎርጎን እኅቶቿ ጋር ከባሕር አማልክት ከፎርኪስና ከኬቶ ተወለደች ይላል። ፖሲዶን ከእርሷ ጋር በአበባ መስክ ተኛ እንጂ ቤተ መቅደስም ቅጣትም በሄሲዮድ ዘንድ የለም። ነገር ግን ‹ቆንጆዋ ሜዱሳ› የኦቪድ ፈጠራ ብቻ አይደለችም። ሌላው የግሪክ ባለቅኔ ፒንዳር በ490 ከክ.ል.በ. ባቀረበው መዝሙር ‹ጉንጯ ያማረ› ይላታል። በዚያው መዝሙር አቴና ዋሽንት መሰሉን የአውሎስ ዜማ የፈጠረችው ዩሪያሌ ለእኅቷ ያለቀሰችውን ለቅሶ አስመስላ ነው። ለጭራቅ የተለቀሰ ለቅሶ ሙዚቃ ሆነ ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ታሪክ ይህችን ክፍል የሚያስታውሳት ሰው ጥቂት መሆኑ ያስቆጨናል።

ሁለቱን ትረካዎች በአንድ ድርሰት ስትቀላቅሉ የሚፈጠረው ችግር የእኅቶቿ ነገር ነው። ሜዱሳ በቅጣት ጎርጎን ከሆነች እኅቶቿ ለምን ጎርጎን ሆኑ? ኦቪድ አይመልስም። ወይ አንዱን ይምረጡ፣ ወይ ማን እንዳለው ይግለጹ።

ጥያቄ፦ ፐርሲየስ በፔጋሰስ ላይ ሆኖ ክራከንን ሲገድል ፊልም ላይ አይቻለሁ። መጽሐፍ ላይ ግን አጣሁት። (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ የሚያጡትም ስለሌለ ነው። ፔጋሰስን ልጓም አግብቶ የጋለበው ሌላው ጀግና ቤለሮፎን ነው፤ ኪሜራ የሚባለውን እሳት የሚተፋ ጭራቅ የገደለበት። ፐርሲየስ ክንፍ ያለው ጫማ ስላለው ፈረስ አያስፈልገውም። ሁለቱን ያዋሐዷቸው በኋላ ዘመን ያሉ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ናቸው። ክራከን ደግሞ ከስካንዲኔቪያ ባሕር ተረት የመጣ ስም ነው፤ የግሪኩ አውሬ ‹ኬቶስ› ይባላል፤ ትልቅ የባሕር ፍጥረት ማለት ነው።

እንዴት እንደገደለውም አንድ ወጥ ትረካ የለም። በ6ኛው መቶ ዓመት ከክ.ል.በ. በቆሮንቶስ የተሠራ ማሰሮ ላይ ፐርሲየስ ድንጋይ እየወረወረበት ነው፤ አንድሮሜዳ ከኋላው ቆማለች፣ የሦስቱም ስም ተጽፏል። ኦቪድ ጥምዝ ሰይፉን ያስይዘዋል፤ በመሐል የጫማው ክንፎች በአውሬው ትፋትና ደም ርሰው ስለከበዱ መብረሩን ትቶ ከባሕር ብቅ ያለ ቋጥኝ ላይ ይቆማል፣ በግራው ድንጋዩን ይዞ ሦስት አራት ጊዜ ይወጋዋል። በሜዱሳ ራስ አደረቀው የሚለው ዛሬ የሚወደደው ነው። ጥሩ መጨረሻ ነው፤ ትግሉን ግን ያሳጥረዋል።

ጥያቄ፦ ያፎ ወደብ ላይ ‹የአንድሮሜዳ ድንጋይ› የሚባል አለ። ከኢትዮጵያ ልዕልት ጋር ምን አገናኘው? (አንባቢ፣ ከእስራኤል)

መልስ፦ ያፎ፣ ማለትም ነቢዩ ዮናስ የተሳፈረባት ኢዮጴ፣ ቢያንስ ከሁለት ሺህ ዓመት ጀምሮ ታሪኩ የእኔ ነው ትላለች። በ1ኛው መቶ ዓመት አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ የአንድሮሜዳ ሰንሰለት ምልክት እዚያ እንደሚታይ ጽፏል። ግሪካዊው ተጓዥ ጸሐፊ ፓውሳንያስ ደግሞ ፐርሲየስ ደሙን የታጠበበት ቀይ ውኃ ነበር ይላል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ስለ አውሬው አጥንት ይናገራል፤ ስካውሩስ የሚባል ሮማዊ ባለሥልጣን የአውሬውን አጽም ከያፎ ወደ ሮም አምጥቶ ለሕዝብ አሳየ። ርዝመቱ 40 ጫማ፣ ወደ 12 ሜትር፣ የጎድን አጥንቱ ከሕንድ ዝሆን የሚበልጥ፣ የጀርባው ውፍረት አንድ ጫማ ተኩል። ልኩ ከዓሣ ነባሪ ጋር ይስማማል። ግሪኮችም ሮማውያንም ‹ኢትዮጵያ› የሚለውን ስም እስከዚያ ድረስ መዘርጋታቸው አይግረምዎት፤ ስሙ ከቦታ በፊት ነበረ ብለናል።

ጥያቄ፦ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና፣ ሰማዕቱ ደራጎኑን ሲወጋ ይታያል። ከአንድሮሜዳ የተቀዳ ነው የሚሉ አሉና እውነቱን ብትነግሩን። (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ መመሳሰሉን መካድ አይቻልም፤ በውኃ ዳር ያለ አውሬ፣ ለእርሱ የተሰጠች የንጉሥ ልጅ፣ በመንገዱ የሚያልፍ እንግዳ። የሰማዕቱ መቃብር ያለባት ልዳም ከያፎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ ብዙዎች የሚገምቱት በዚህ ነው። ግን ጉርብትና ማስረጃ አይደለም። የሰማዕቱ ክብር ጥንታዊ ሲሆን የደራጎኑ ታሪክ በጽሑፍ የሚታየው ከ11ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው። ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። ፐርሲየስ አስቀድሞ የጋብቻ ውል ይዋዋላል፣ ከድሉም በኋላ ከእጮኛዋ ከአጎቷ ከፊኔዎስ ጋር በሠርጉ አዳራሽ ይዋጋል፤ በኦቪድ ቆጠራ 200 ሰው ድንጋይ የሆነው ያኔ ነው። ጊዮርጊስ የሚፈልገው የሕዝቡን ጥምቀት ነው፤ ሚስት አይጠይቅም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን አርዌ ነው። አርዌን የገደለው አንጋቦ ሰይፍ አልመዘዘም፤ መርዝ የበላች ፍየል አበላው። በትግረ ቋንቋ የተነገረና ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው የአክሱም ተረት ደግሞ እትየ አዜብን ለዘንዶው ከዛፍ ጋር ያስራታል። ሰባት ቅዱሳን ሲገድሉት የደሙ ጠብታ ተረከዟ ላይ ወድቆ እንደ አህያ ኮቴ አደረገው፤ ወደ ሰሎሞን የሄደችው ልትፈወስ ነው። የታሰረች ልጅ ታሪክ ለመናገር ከግሪክ መበደር ግድ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ፐርሲየስ አያቱን ገደለ የሚባለው እንዴት ነው? ከሄርኩለስስ ማን ይቀድማል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የአርጎስ ንጉሥ አክሪሲዮስ «ከልጅህ በሚወለድ ትሞታለህ» ስለተባለ ዳናኤን በነሐስ ክፍል ዘጋባት፤ ዜውስ የወርቅ ዝናብ ሆኖ ገባ። አያትየው ማርገዟን ሳይሆን መውለዷን ሲያውቅ እናትና ልጅን በሣጥን ባሕር ላይ ጣላቸው፤ ሴሪፎስ የደረሱት በዚህ ነው። ከዓመታት በኋላ ፐርሲየስ በቴሳሊያ ላሪሳ በስፖርት ውድድር ዲስከስ ሲወረውር ከተመልካቾቹ አንዱን እግሩ ላይ መታው፤ ሰውዬው አክሪሲዮስ ነበር። የገደለውን ሰው መንግሥት መውረስ አፍሮ አርጎስን ከዘመዱ ጋር በቲሪንስ ለወጠ፤ ሚኬኔ የምትባለውንም ከተማ በቅጥር አጠረ።

ሄርኩለስ የእርሱ የልጅ ልጅ ልጅ ነው፦ ፐርሲየስ ኤሌክትሪዮንን፣ ኤሌክትሪዮን አልክሜኔን፣ አልክሜኔ ሄርኩለስን። አባቱ ግን ዜውስ ነው፤ ዜውስ ደግሞ የፐርሲየስ አባት፣ ማለት የአልክሜኔ ቅድመ አያት። ሰባት ቤት መቁጠር ኦሊምፖስ ላይ አይሠራም። ይህን ሐረግ ካወቁ ፐርሲየስ በሜዱሳ ራስ አትላስን ተራራ አደረገው የሚለውን የኦቪድ ክፍል ሲያነቡ ፈገግ ይላሉ፤ በሌላው ታሪክ ሄርኩለስ ከሦስት ትውልድ በኋላ አትላስን ቆሞ ሰማይ ሲሸከም ያገኘዋልና።

ጥያቄ፦ ቤተሰቡ ሁሉ ሰማይ ላይ ኮከብ ሆኗል ይባላል። ከእኛ አገር ይታያሉ? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁሉም። ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያ፣ አንድሮሜዳ፣ ፐርሲየስ፣ ፔጋሰስና ኬቶስ፣ ስድስቱም በ2ኛው መቶ ዓመት በኮከብ ተመራማሪው በጥሎሚ በተዘረዘሩት 48 የኮከብ ስብስቦች ውስጥ አሉ። ጥሩው ጊዜ ኅዳር አጋማሽ፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ፊትዎን ወደ ሰሜን ያዙሩ። ከአድማሱ 40 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ አምስት ኮከቦች ንጉሡ ‹ሠ›ን ገልብጠው የጣሉት መስለው ይታያሉ፤ ካሲዮፔያ ናት። ከእርሷ በታች፣ ደብዝዞና ዝቅ ብሎ ባሏ ኬፌዎስ። ተራራ ወይም ዛፍ ከጋረደዎት የሚጠፋው እርሱ ነው።

አሁን ክንድዎን ዘርግተው ጡጫ ይጨብጡ፤ ጡጫ 10 ዲግሪ ይሸፍናል። ከካሲዮፔያ ሾጠጥ ካለው ማዕዘን አንድ ጡጫ ተኩል ወደ ላይ ሲሄዱ የደበዘዘ ብናኝ ካገኙ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ነው፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የራቀ፣ ያለ መሣሪያ ከሚታየው ሁሉ እጅግ ሩቅ ከሚባሉት አንዱ። ካልታየዎት ቀጥ ብለው አያፍጡበት፤ ጎን ጎኑን ይዩ፣ ዓይን በጨለማ የደበዘዘ ብርሃን የሚይዘው በዳሩ ነው። ከመብራት ከወጡም በኋላ ቢያንስ 20 ደቂቃ ስልክዎን አይክፈቱ።

ፐርሲየስ ከካሲዮፔያ በስተቀኝ ነው። የያዘው የሜዱሳ ራስ ላይ ያለው ኮከብ አልጎል ይባላል፤ ከአረብኛው ‹ራስ አል ጉል› የመጣ፣ የጭራቅ ራስ ማለት። ይህ ኮከብ በእርግጥ ያንቀላፋል። ሁለት ኮከቦች ጥንድ ሆነው ይዞራሉ፣ ደብዛዛው በደማቁ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ከመነሻ እስከ መመለሻ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ይህን ማብራሪያ እ.ኤ.አ. በ1783 ያቀረበው ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው የ18 ዓመት እንግሊዛዊ ነው። በነሐሴ 6 እና 7 ሌሊት የሚበዙት ተወርዋሪ ኮከቦችም ከፐርሲየስ አቅጣጫ ስለሚመጡ በስሙ ይጠራሉ። ከቡሄ ሳምንት ቀድመው ስለሚመጡ በደጋ አገር ብዙ ጊዜ ደመና ይበላቸዋል፤ ሰማዩ በዚያ ወር ጥርት በሚልባቸው አገሮች ያላችሁ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውጡ።

አልጎልን ለመያዝ በአንድሮሜዳ እግር ጫፍ ካለው ከአልማክ ጋር ያስተያዩት። በወትሮው ሁለቱ እኩል ይደምቃሉ። አልጎል በግልጽ አንሶ ካገኙት ሰዓቱን ይጻፉ፤ ዑደቱ 2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ስለሆነ በሦስተኛው ሌሊት ከጻፉት 3 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ቀድመው ይጠብቁት።